በባቡር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ፦ በድሬዳዋ አርፎ ሳይጣደፉ የመጓዣ ዝርዝር መመሪያ

ይህ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሰው ባቡሩ ላይ ከመውጣቱ በፊት ነው። አንዱ በመነሻው ዋዜማ ጣቢያ ሄዶ «ነገ ባቡር የለም» ይባላል። ሌላው ቪዛው ሳይወጣለት የትኬቱ ቀን ያልፋል። ሦስተኛው በአንድ ቀን ጅቡቲ እገባለሁ ብሎ ይነሳና ሆቴል ሳይዝ፣ ፍራንክ ሳይኖረው በምሽት ከከተማ ውጭ ባለ ጣቢያ ይወርዳል። ሦስቱም ስህተቶች መድኃኒታቸው ቀን መጨመርና ሥራውን በቅደም ተከተል መሥራት ነው። ከዚህ በታች ያለውን ተራ ሳያፋልሱ ይከተሉ። በተለይ የመጀመሪያዎቹን አራት ደረጃዎች አይዝለሉ።

1. መጀመሪያ ቀኑን ይደልድሉ

የመንገደኛ ባቡሩ እንደ አውቶቡስ በየቀኑ የሚገኝ አይደለም። የተለመደው አሠራር አንድ ቀን ወደ ጅቡቲ ሄዶ በማግስቱ መመለስ ነው። ፕሮግራሙ ሊቀየር ስለሚችል ማንኛውንም ነገር ከመክፈልዎ በፊት ጣቢያው ድረስ ሄደው ወይም ደውለው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ወደ ጅቡቲ የሚሄድባቸውን ቀኖች፣ ከጅቡቲ የሚነሳባቸውን ቀኖች። ያገኙትን መልስ በወረቀት ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። «ጎዶሎ ቀን ይሄዳል፣ ሙሉ ቀን ይመለሳል» ብሎ በግምት መቁጠር አደገኛ ነው፤ በፈረንጆቹ 31 ቀን ያለው ወር ባለፈ ቁጥር ተራው ይገለበጣል።

አንድ ቀን ሄዶ በማግስቱ የሚመለስ ከሆነ ድልድሉ ይህን ይመስላል፦

ቀን 1፦ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ። ውረዱ፣ እደሩ።
ቀን 2፦ ሙሉ ቀን ድሬዳዋ።
ቀን 3፦ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ላይ ተሳፍሮ ጅቡቲ።
ቀን 4 እና ቀን 5፦ ጅቡቲ ከተማ።
ቀን 6፦ መመለስ።

እዚህ ላይ የሚታለፈው ነገር፣ ድሬዳዋ ላይ ከወረዱ ቀጣዩ ባቡር የሚመጣው ከሁለት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። «አንድ ሌሊት አድሬ እቀጥላለሁ» የሚለው ሐሳብ በዚህ ፕሮግራም አይሠራም። ሁለት ሌሊት ይያዙ፤ ካልሆነ አይውረዱ። እኔ ግን መውረዱን አጥብቄ እመክራለሁ። ድሬዳዋ ላይ ያላረፈ ሰው ከማለዳ እስከ ምሽት ተቀምጦ ይሄድና ጅቡቲ ሲደርስ የመጀመሪያውን ቀን በእንቅልፍ ይጨርሳል።

ወቅቱንም አሁን ይምረጡ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ጅቡቲ ለእግር መንገድ ይመቻል። ከግንቦት እስከ ጳጉሜን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ወቅት ሕፃን ወይም አዛውንት ይዘው ለሽርሽር አይሂዱ። በረመዳን መሄድ ይቻላል፤ ሆኖም ቀን ቀን ክፍት ምግብ ቤት ማግኘት እንደሚያስቸግር አስቀድመው ይወቁት።

2. ወረቀቶችን ይጨርሱ

ትኬት የሚገዛው በፓስፖርት ስለሆነ ወረቀት ከትኬት ይቀድማል።

ሀ. ፓስፖርትዎ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆኑን ይዩ።

ለ. የጅቡቲ መግቢያ ፈቃድን ለሚይዙት ፓስፖርት ለይተው ያጣሩ። አዲስ አበባ ያለው የጅቡቲ ኤምባሲ ይህን ይመልሳል። ሲጠይቁ «በባቡር፣ በየብስ ድንበር ነው የምገባው» ማለትን አይርሱ። ለአውሮፕላን መንገደኛ የሚሰጠው መልስ ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል። ፈቃዱ በኢንተርኔት ከወጣ ሁለት ቅጂ አትመው ይያዙ፤ የስልክ ባትሪ ድንበር ላይ ነው የሚያልቀው።

ሐ. የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይያዙ።

መ. የሆቴል ማረጋገጫና የመመለሻ ዕቅድ በወረቀት ይያዙ። በጅቡቲ በኩል ወደ የመን የሚሻገሩ ወጣቶች ብዙ በመሆናቸው፣ በተለይ ብቻቸውን የሚጓዙ ወጣቶች ድንበር ላይ ጥያቄ ይበዛባቸዋል። የት እንደሚያድሩ፣ መቼ እንደሚመለሱና በምን ገንዘብ እንደሚቆዩ በወረቀት የሚያሳይ ሰው ቶሎ ያልፋል።

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል መጥተው የውጭ ፓስፖርት ለያዙ፦ ወደ ጅቡቲ ሲሻገሩ ከኢትዮጵያ መውጣትዎ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዘው ከወጡ ተመልሰው መግባት አይችሉም። ተመላልሶ የሚያስገባ ቪዛ ቢኖርዎትም ከቦሌ ሌላ በየብስ በር እንደሚያስገባ ኢሚግሬሽንን ይጠይቁ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካለዎት ከፓስፖርቱ ጋር አብረው ይያዙት፤ ቤት ጥለውት አይሂዱ።

ፈቃዱ ከዘገየ፦ ትኬት አይግዙ። እስከ ድሬዳዋ ብቻ የሚሆን የአገር ውስጥ ጉዞ አድርገው ቀኑን መጠቀም ይችላሉ። ድሬዳዋ ሆኜ ይደርስልኛል ብሎ ተስፋ ይዞ መሄድ ግን አያዋጣም።

3. ገንዘቡን በሦስት ይከፋፍሉ

ብር ለኢትዮጵያ በኩል፣ ዶላር ለመጠባበቂያ፣ የጅቡቲ ፍራንክ ለመጀመሪያው ምሽት። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ የአሁኑ ተመን አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ስለዚህ 100 ዶላር ወደ 17,700 ፍራንክ ያህል መሆን አለበት። ይህን ቁጥር በቃልዎ ይያዙ፤ መንዛሪ ሲያታልልዎት የሚለዩት በእሱ ነው።

የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ለመግዛት ፓስፖርት፣ ቪዛና የጉዞ ትኬት ስለሚጠየቁ፣ ትኬቱን (ደረጃ 4) እንደገዙ፣ ከመነሻው ጥቂት ቀናት ቀድመው ይሂዱ። ከአገር ይዞ መውጣት የሚፈቀደው የብር መጠን ገደብ አለው፤ እዚያው ባንክ ሲሄዱ ገደቡን ጠይቀው የተረፈውን ብር ሒሳብዎ ውስጥ ይተዉት።

ጅቡቲ መሃል ከተማ ገንዘብ የሚመነዝሩ ሴቶች ያገኛሉ፤ ሥራቸውን የሚያውቁና ፈጣን ናቸው። ቆጥረው ሳይጨርሱ ዶላርዎን አያስረክቡ። አሮጌ፣ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ዶላር የሚቀበልዎት ስለማያገኙ ንጹሕ ኖት ይምረጡ።

4. ትኬት መግዛት

ሀ. በወረቀት ከጻፏቸው ቀኖች አንዱን ይዘው ፉሪ ለቡ ጣቢያ ይሂዱ። ለገሀር ያለው አሮጌው ጣቢያ ባቡር የሚነሳበት አይደለም። ይህን እያወቀም በመነሻው ጠዋት «ለገሀር» ብሎ ታክሲ የሚይዝ ሰው አይጠፋም።

ለ. ሁለት ትኬት ይጠይቁ፦ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ፣ እና ከሁለት ቀን በኋላ ከድሬዳዋ ጅቡቲ። የጅቡቲ ትኬት ይዞ መንገድ ላይ መውረድና በሌላ ቀን በዚያው ትኬት መሳፈር ይቻላል ብለው አያስቡ። ሁለተኛውን ትኬት እዚህ ካልሸጡልዎት ድሬዳዋ በደረሱበት ቀን፣ ከጣቢያው ሳይወጡ ስለ እሱ ይጠይቁ።

ሐ. ቦታ ይምረጡ። መቀመጫው በአንድ በኩል ሦስት፣ በሌላው ሁለት ሆኖ የተደረደረ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጫጫታ አለው፣ ጨዋታም አይጠፋበትም። ባለ ስድስት አልጋው ሦስት ፎቅ ሲሆን በር የለውም። ባለ አራት አልጋው ሁለት ፎቅና በር አለው። እስከ ድሬዳዋ መቀመጫ ይበቃል፤ መስኮት ይጠይቁ። ከልጆች ወይም ወገባቸውን ከሚያማቸው ወላጆች ጋር ከሆኑ የታችኛውን አልጋ ይግዙ። የላይኛው አልጋ ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አይቻልም፣ መስኮትም አያሳይም።

መ. ከትኬት መሸጫው መስኮት ሳይነሱ ትኬቱን ያንብቡት። ስምዎ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው መሆኑን፣ ቀኑን፣ የፓስፖርት ቁጥሩን፣ የፉርጎ ቁጥሩን ይዩ። ስህተት ካለ በዚያው ቅጽበት ያሳዩ፤ በመነሻው ጠዋት የሚያስተካክልልዎት ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ሠ. ሰዓቱን ይተርጉሙ። ትኬት ላይ 8:00 ተብሎ ከተጻፈ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው፤ በእኛ 8 ሰዓት አይደለም። ባቡር ካመለጣቸው ሰዎች መካከል በዚህ የተሳሳቱ አሉ። ትኬቱ ጀርባ ላይ የእኛን ሰዓት በእስክሪብቶ ይጻፉበት።

5. ሻንጣ

አንድ ሻንጣና አንድ የእጅ ቦርሳ ይበቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ጅቡቲ ባሕሩ ላይ ናት። ስለዚህ ጠዋት ጃኬት የለበሰ ሰው ከቀትር በኋላ በቲሸርት ይሆናል። ተደራርቦ የሚወልቅ ልብስ ይልበሱ። ነጠላ ወይም ሻርፕ ይያዙ፦ ለአየር ማቀዝቀዣ፣ ለፀሐይ፣ ለመስጊድ ደጃፍ ይጠቅማል።

በእጅ ቦርሳው ውስጥ የሚገባው፦ ፓስፖርት፣ ትኬት፣ መድኃኒት፣ የተሞላ ፓወር ባንክ፣ የሽንት ቤት ወረቀትና ሳሙና፣ እስክሪብቶ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ። ባቡሩ ላይ ምግብ ይሸጣል ብለው ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን ጥሩ ናቸው። ወጥ ግን በሙቀት ይበላሻል፣ ሽታውም ሌላውን መንገደኛ ያስቸግራል። ቢላዋና ተቀጣጣይ ነገር ፍተሻ ላይ ስለሚያስቆምዎት ፍራፍሬውን ቤት ቆራርጠው ይያዙ።

የማያውቁትን ሰው ዕቃ አይቀበሉ። «እዚያ የሚቀበል ሰው አለ» የሚባል ትንሽ ፌስታል እንኳ ቢሆን አይያዙ። ድንበር ላይ ዕቃው የሚቆጠረው በእጁ በተገኘበት ሰው ነው።

6. የመነሻው ጠዋት

ከመነሻው አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመው ጣቢያው ይድረሱ። ጣቢያው ከመሃል ከተማ ስለሚርቅ ታክሲውን በዋዜማው ይቅጠሩ፤ በማለዳ መንገድ ላይ ቆሞ ታክሲ መፈለግ አያስተማምንም። መግቢያው ላይ ሻንጣ ይፈተሻል፣ ከዚያ ትኬትና ፓስፖርት ይታያል። ባቡሩ ከመንቀሳቀሱ ቀደም ብሎ በሩ ሊዘጋ ስለሚችል ቡና ለመጠጣት ተመልሰው አይውጡ።

ባቡሩ ካመለጠዎት፦ በመኪና ተከትሎ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ለመያዝ አይሞክሩ። ትኬት ቢሮው ሄደው ወደ ቀጣዩ ባቡር ማዛወር እንደሚቻል ይጠይቁ፣ ድሬዳዋ ሆቴል ደውለው ቀኑን ያሸጋሽጉ። ቀን የጨመሩት ለዚህ ነው።

7. እስከ ድሬዳዋ

እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነጠላ ይሆናል። በነጠላው ላይ ባቡሩ ከፊት የሚመጣውን ለማሳለፍ ጣቢያ ላይ ሊቆም ይችላል። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ መብራት ሲቋረጥም ይቆማል፤ ግመልና ከብት ሐዲድ ሲያቋርጡም እንዲሁ። ከቆመ አይውረዱ። በሩ ቢከፈትም እንኳ «ትንሽ አየር ልቀበል» ብለው አይራቁ፤ የሚነሳው ደወል ሳያሰማ ሊሆን ይችላል።

ስልክዎን አስቀምጠው መስኮቱን የሚያዩበት ክፍል ከመተሐራ እስከ አዋሽ ነው። የፈንታሌ ተራራ፣ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የፓርኩ ሜዳ በተከታታይ ይመጣሉ። እንቅልፍዎን ከዚያ በፊት ወይም ከሚኤሶ በኋላ ይተኙ።

ድሬዳዋ ላይ ሲወርዱ፦ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው። ባጃጅ ወይም ታክሲ ይኖራል፤ ዋጋውን ሳይሳፈሩ ይነጋገሩ።

8. ድሬዳዋ ላይ ምን ይደረግ

ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአሮጌው ጣቢያ በእግር በሚደረስበት ርቀት ማደሪያ ይያዙ። መጀመሪያ እንቅልፍ፣ ከዚያ ሌላው። በማግስቱ ጠዋት ቀደም ብለው የከዚራን ጥላማ መንገዶች ይዙሩ፣ ከዚያ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው መጋላ ሰፈርና ቀፊራ ገበያ ይሂዱ። በቀትር ወደ ማደሪያዎ ይመለሱ። ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት፤ በዚህኛው ጉዞ ግን ከሁለት ቀን ላይ ግማሹን ለመኪና መስጠት አይመከርም።

ደቻቱ ደረቅ ሲሆን አሸዋው ላይ ሰው ይመላለስበታል። በክረምት አይግቡበት፤ ሰማዩ ጠራ ብሎም አያታልልዎት፣ ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከተራራው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

በሦስተኛው ቀን ከመውጣትዎ በፊት ይደውሉና ባቡሩ ከአዲስ አበባ መነሳቱን ያረጋግጡ። ካልተነሳ ማደሪያዎን ሳይለቁ አንድ ቀን ያራዝሙ፣ ጅቡቲ ያለውን ሆቴልም ያሳውቁ።

9. ድንበር

ከድሬዳዋ ጣቢያ ጀምሮ የጅቡቲ ከተማ ጣቢያ የሆነው ነጋድ እስኪደርሱ ፓስፖርቱ ከእጅ ቦርሳዎ አይውጣ። ደወሌ የኢትዮጵያ ጠረፍ ነው፤ ቀጥሎ አሊ ሳቢህ የጅቡቲ ነው። የፍተሻው ቦታ የትም ይሁን ቅደም ተከተሉን እርስዎ ይቆጣጠሩ፦ መጀመሪያ የኢትዮጵያ መውጫ ማህተም፣ ከዚያ የጅቡቲ መግቢያ ማህተም። ማህተሙ በተመታ ቁጥር ገጹን ገልጠው ቀኑን ያንብቡ።

የመውጫ ማህተም ሳይመታልዎት ባቡሩ ሊነሳ ከሆነ፦ ዝም አይበሉ። የባቡሩን ሠራተኛ ጠርተው ፓስፖርቱን ያሳዩ። ማህተም የሌለው ሰው ችግሩ የሚመጣው ሲመለስ ነው።

መኮንን ሲጠይቅዎት አጭርና እውነተኛ መልስ ይስጡ፣ ወረቀቱን ያሳዩ። ድንበር ላይ ፎቶ አያንሡ።

10. ነጋድ ላይ መውረድ

ነጋድም ከከተማው ውጭ ነው፤ ባቡሩ የሚደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከጨለመ በኋላ ነው። ስለዚህ ሆቴሉ አስቀድሞ የተያዘ፣ አድራሻው በፈረንሳይኛ በወረቀት የተጻፈ ይሁን። ሆቴሉ ሰው የሚልክ ከሆነ ይስማሙ፤ ትንሽ ቢያስከፍልም ይሻላል። ካልሆነ አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያለው ታክሲ ይያዙ። ቆጣሪ የለውም፤ ዋጋውን በፍራንክ ተነጋግረው፣ ቁጥሩን በስልክዎ ላይ ጽፈው አሳይተው ይግቡ። ፈረንሳይኛ፣ አረብኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ባይችሉም አትደንግጡ፤ አማርኛ የሚችል ሰው በየቦታው ይገኛል።

በማግስቱ የጅቡቲ ቴሌኮም ሲም ካርድ ይግዙ። የኢትዮጵያ ሲምዎን ዳታ ከድንበር በፊት ያጥፉት፤ ሳያውቁት ሒሳቡ ያልቃል።

11. ከተማዋን በእግር

እዚህም ሰዓት ያምታታል። ጅቡቲና አዲስ አበባ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ የአቆጣጠሩ ብቻ ነው። «አሥር ሰዓት» ብሎ የቀጠረዎት ጅቡቲያዊ ጠዋት በእኛ 4 ሰዓት እየጠበቀዎት ሊሆን ይችላል።

ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምረው ይውጡ። ከምኒልክ አደባባይ ይነሡ፤ የዛሬ ስሙ ጁን 27 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ.) አደባባይ ቢሆንም በድሮው ስሙ ሁሉም ያውቀዋል። በቅስት በረንዳ የተከበቡትን ነጫጭ ቤቶች ከጥላ ወደ ጥላ እየተሻገሩ ይዩ። ግድግዳው የተላቀቀበት ቦታ ላይ ጠጋ ብለው ይመልከቱ፤ ከባሕር የወጣ የኮራል ድንጋይ ያያሉ። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሐሙዲ መስጊድና በዙሪያው ወዳለው ገበያ ይውረዱ። መስጊዱ በ1906 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ከውጭ ይዩት፤ መግባት ከፈለጉ የሚፈቅድ ሰው ይጠይቁ፣ ጫማ ያውልቁ፣ ሴቶች ፀጉር ይሸፍኑ።

በእኛ ከ6 ወይም ከ7 ሰዓት ጀምሮ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰውም ይተኛል። እርስዎም ይተኙ። ከ10 ሰዓት በኋላ ሁሉም ይከፈታል፤ በዚያን ጊዜ ወደ ሰሜን፣ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያና ወደ ባሕሩ ዳር ይሂዱ። ዓርብ አብዛኛው ነገር ዝግ ስለሆነ ከሁለቱ ቀኖችዎ አንዱ ዓርብ ላይ ከወደቀ ለባሕር ዳር ይመድቡት።

ለእራት በየመኖች አሠራር ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ይዘዙ። ከትልቅ ቂጣ ጋር ይመጣል፤ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። የታሸገ ውሃ ብቻ ይጠጡ።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ፦ ወደብ፣ ቤተ መንግሥት፣ ወታደርና የጦር ሰፈር ፎቶ አያንሡ። በዚህች ትንሽ አገር የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሰፈሮች ስላሉ ጥበቃው ጥብቅ ነው። ከተያዙ አይከራከሩ፤ ፎቶውን ፊት ለፊታቸው ያጥፉ፣ ይቅርታ ይጠይቁ። ሰውንም ሳያስፈቅዱ አያንሡ።

በባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችውን የታጁራ ከተማ መጨመር ከፈለጉ ቢያንስ ሌላ ሁለት ቀን ይጨምሩ። ጀልባው በየቀኑ አይሄድም፤ ከባቡሩ ፕሮግራም ጋር ማስማማት የሚቻለው ትርፍ ቀን ላለው ሰው ብቻ ነው።

12. መመለስ

የመመለሻ ትኬቱን ጅቡቲ በደረሱ በማግስቱ ይግዙ፤ ለመጨረሻው ቀን አይተዉት። ለመጨረሻው የታክሲ ዋጋ የሚሆን ፍራንክ ለይተው ያስቀምጡ፣ የቀረውን ነጋድ ከመሄድዎ በፊት ይመንዝሩ።

በመመለሻው መስኮት ያለበት ቦታ መግዛት ግድ ነው። ሲሄዱ በጨለማ ያለፉትን በረሃ፣ ሆልሆልንና የአሊ ሳቢህን ቀያይ ተራሮች በጠዋት ብርሃን የሚያዩት አሁን ነው።

የጉምሩክ ፍተሻው በዚህ አቅጣጫ ይጠነክራል። ሽቶ፣ ልብስ፣ ስልክ ከገዙ ለራስዎ የሚሆን መጠን ብቻ ይሁን፣ ደረሰኙም በእጅዎ ይኑር። ተመሳሳይ ዕቃ አምስት ስድስት ይዞ መገኘት እንደ ነጋዴ ያስቆጥራል። አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው «ይህን ያዝልኝ፣ እኔ በዝቶብኛል» ካለ፣ እንቢ ብለው ዕቃው ከእርስዎ መቀመጫ ሥር እንዳይቀመጥም ይከታተሉ።